ከሐኪሙ በኋላ ያለው ኑሮ

በ1950ዎቹ መጀመሪያ ላይ በኒውዮርኩ ማውንት ሳይናይ ሆስፒታል ለሰሚው ግር የሚል ስም ያለው ማኅበር ተቋቋመ፤ «ኪውቲ» ይባላል። ፊደሎቹ የተወሰዱት ከሆስፒታሉ ሁለት የቀዶ ሕክምና ክፍሎች፣ ከዋርድ «ኪው» እና ከዋርድ «ቲ» ነው። አባል ለመሆን ሀብትም ዕውቀትም አይጠየቅም። ትልቁን አንጀት አስወጥቶ፣ ከዚያ ወዲህ ሰገራው በሆዱ ላይ በተከፈተ ቀዳዳ የሚወርድ ሰው መሆን ይበቃል። ከማኅበሩ ደብዳቤ ቢመጣና ጎረቤት በፖስታው ላይ «ኪውቲ» የሚለውን ቢያነብ የሚጠረጥረው ነገር የለም። በዚያ ዘመን ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከሐኪሞች ወገን ማኅበሩን ካበረታቱት አንዱ አልበርት ላየንስ የተባለ ቀዶ ሐኪም ነው፤ በ1952 ስለ እንዲህ ያለው ክበብ በአሜሪካ ሕክምና ማኅበር መጽሔት ላይ ጽፏል። ቀዶ ሐኪም ቆርጦ፣ ሰፍቶ፣ ቁስሉ ሲደርቅ ሕመምተኛውን ያሰናብታል፤ ሥራው እዚያ ላይ ያበቃል። ሕመምተኛው ግን ቤቱ ሲደርስ የሚገጥሙትን ጥያቄዎች ማንም አልነገረውም። ምን ልብላ? ሽታውን ምን ላድርገው? ሌሊት በየትኛው ጎኔ ልተኛ? ለእጮኛዬ መቼና እንዴት ልንገራት? ማርገዝስ እችላለሁ? ለእነዚህ መልስ የነበረው ቀድሞ በዚያው መንገድ ያለፈ ሰው ብቻ ነበር።

ከአንጀት ብግነት ጋር የመኖር ታሪክ ሲጻፍ ብዙውን ጊዜ የሚወራው ስለ መድኃኒቱና ስለ ሐኪሙ ነው። እርግጥ ነው፣ ሁለቱም ሕይወት አድነዋል። የተረፈውን ሕይወት ሊኖሩበት የሚቻል ያደረጉት ግን በአብዛኛው ሕመምተኞቹ ራሳቸው፣ እህቶቻቸውና አስታማሚዎቻቸው ናቸው። የከረጢቱ፣ የሙጫውና የመጠይቁ ታሪክ ይህን ያሳያል።

መጀመሪያ ስለ በሽታው ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። የአንጀት ብግነት የሚባለው በዋናነት ሁለት መልክ አለው። አንደኛው አልሰራቲቭ ኮላይቲስ ነው፤ የትልቁን አንጀት የውስጥ ሽፋን ያቆስላል፣ ደም የተቀላቀለበት ተቅማጥ ያመጣል። ስሙን በ1859 ያነሣው ሳሙኤል ዊልክስ የተባለ የለንደን ሐኪም ነው። ሁለተኛው ክሮንስ ይባላል፤ ከአፍ እስከ ፊንጢጣ ባለው መንገድ የትም ቦታ ሊነሣና የአንጀቱን ግድግዳ ዘልቆ ሊያቆስል ይችላል። ሁለቱም የዕድሜ ልክ ናቸው፤ ይበርዳሉ፣ እንደገና ይነሣሉ። ብዙ ጊዜ የሚጀምሩት ደግሞ በጉርምስናና በወጣትነት፣ ሰው ትምህርት በሚጨርስበት፣ ሥራ በሚይዝበትና ትዳር በሚያስብበት ዕድሜ ነው።

«ክሮንስ» የሚለው ስም ራሱ የፊደል ተራ ያመጣው ነው። በ1932 እዚያው ማውንት ሳይናይ ውስጥ ሦስት ሐኪሞች፣ ክሮን፣ ጊንዝበርግና ኦፐንሃይመር፣ ስለ 14 ሕመምተኞች ጽሑፍ አሳተሙ። ስማቸው የተደረደረው በእንግሊዝኛ ፊደል ቅደም ተከተል ስለነበር ክሮን መጀመሪያ ላይ ወጣ። ከእነዚያ ሕመምተኞች ብዙዎቹን በቀዶ ያከመው በርግ የሚባል አንጋፋ ሐኪም ነበር፤ ያልጻፍኩት ጽሑፍ ላይ ስሜ አይግባ ብሎ እምቢ አለ። ገብቶ ቢሆን ኖሮ ፊደሉ ከክሮን ይቀድም ነበር፤ ዛሬም ሚሊዮኖች «በርግ አለብኝ» ይሉ ይሆናል።

መድኃኒቱ ቀስ እያለ መጣ። ናና ስዋርትዝ የተባሉት ስዊድናዊት ሐኪም፣ በአገራቸው መንግሥታዊ ዩኒቨርሲቲ በ1937 የመጀመሪያዋ ሴት ፕሮፌሰር የሆኑት፣ ለመገጣጠሚያ ሕመም ይሆናል ብለው ሰልፋንና የአስፕሪንን ዘመድ አጣምረው ያሠሩት መድኃኒት ኮላይቲስ ያለባቸውን እንደሚያሽል አዩ፤ ግኝታቸውን በ1942 አሳተሙ። ሰልፋሳላዚን የሚባለው ይህ መድኃኒት ዛሬም ይታዘዛል። በ1955 ደግሞ የኦክስፎርዶቹ ትሩላቭና ዊትስ ኮርቲዞን በከባድ ኮላይቲስ የሚሞተውን ሰው ቁጥር እንደሚቀንስ በአግባቡ በተነጻጸረ ሙከራ አሳዩ። በመድኃኒት ላልተመለሰው ሰው የቀረው ምርጫ ቢላዋ ነበር። ትልቁ አንጀት ተቆርጦ ይወጣል፤ የትንሹ አንጀት ጫፍ ደግሞ በሆድ ቆዳ በኩል ወደ ውጭ ይወጣል። ይህ ኢሊዮስቶሚ ይባላል።

ነገሩ የሚከብደው እዚህ ላይ ነው። በትልቁ አንጀት በኩል የሚወጣ ሰገራ ውኃው ተመጥጦ የተቋጠረ ነው። ከትንሹ አንጀት የሚወጣው ግን ቀጭን ፈሳሽ ነው፤ ቀንና ሌሊት አያቋርጥም፤ ምግብ የሚያብላሉ ንጥረ ነገሮችንም ይዟል። ምግብን የሚያብላላ ፈሳሽ ቆዳ ላይ ሲውል ቆዳውንም ማብላላት ይጀምራል። ትክክለኛ መያዣ ባልነበረበት ጊዜ ሕመምተኛው በጨርቅ፣ በጥጥና በፋሻ ይጠቀለል ነበር፤ ዙሪያው ተልጦ ቀይ ሥጋ ይሆናል፤ ሽታው ከቤት አያስወጣውም። ከበሽታው ድኖ በቁስሉ የሚሠቃይ ሰው ብዙ ነበር። አንዳንዶች ሞትን እየፈሩም ቢሆን ቀዶውን እምቢ ይሉ የነበረው ያለ ምክንያት አይደለም።

የመጀመሪያው መፍትሔ የመጣው ከቺካጎ ነው፤ ያመጣውም ሕመምተኛ ነበር። አልፍሬድ ስትራውስ ከሚባለው ቀዶ ሐኪም ታካሚዎች አንዱ ኮኒግ የሚባል የኬሚስትሪ ተማሪ ነው። በራሱ ሆድ ላይ ያለውን ችግር በሙያው መረመረው፤ ከሐኪሙ ጋር ሆኖም በጎማ ሙጫ ከቆዳ ጋር የሚጣበቅ፣ በቀበቶ የሚደገፍ የላስቲክ ከረጢት ሠራ። በ1940ዎቹ ይህ ከረጢት ገበያ ላይ ዋለ። ከባድ ነው፣ ታጥቦ እንደገና የሚለበስ ነው፣ በጊዜ ብዛትም ሽታ ይይዛል። ቢሆንም ሰው ሱሪውን ታጥቆ ሥራ ገብቶ መዋል ቻለ። ከዚያ በፊት ኢሊዮስቶሚ ያለው ሰው ቢሮ ተቀምጦ ይሠራል ማለት ዘበት ነበር።

ሁለተኛው እርምጃ የቀዶው ዘዴ ነበር፤ እዚህ ላይ ምስጋናው ያለ ጥርጥር ለሐኪሙ ነው። የበርሚንግሃሙ ብራያን ብሩክ በ1952 በላንሴት መጽሔት ላይ አንድ አጭር ጽሑፍ አወጣ። እስከዚያ ድረስ የአንጀቱ ጫፍ ጥቂት ብቅ ብሎ እንዲሁ ይተዋል፤ ለፈሳሹ የተጋለጠው የውጭ ሽፋኑ ይቆጣል፣ ያብጣል፣ መውጫውን ያጠበዋል፤ ሕመምተኛውም ለሳምንታት ውኃና ጨው እያጣ ይማቅቃል። ብሩክ ያደረገው የአንጀቱን ጫፍ እንደ ሸሚዝ እጅጌ ወደ ውጭ ቀልብሶ የውስጡን ሽፋን ወዲያውኑ ከቆዳው ጋር መስፋት ነው። ጫፉ ከቆዳው ከፍ ብሎ ስለሚቆም ፈሳሹ ቆዳው ላይ ከመንዠቅዠቅ ይልቅ ቀጥታ ወደ ከረጢቱ ይወርዳል። ይህ ሁሉ ጥቂት ስፌት ነው። ዛሬም በየሆስፒታሉ የሚሠራው በመሠረቱ ይኸው የብሩክ ዘዴ ነው።

ሦስተኛው ታሪክ ከሁሉም ይበልጣል፤ የኦሃዮዋ ኖርማ ጊል ታሪክ ነው።

ኖርማ ጊል ነርስ አልነበረችም። በአክረን ከተማ የምትኖር ባለትዳርና የልጆች እናት ነበረች፤ ኮላይቲሱ አንጀቷን አልፎ እስከ ቆዳዋ ድረስ አቁስሏት ለዓመታት ተሠቃየች። በ1954 በክሊቭላንድ ክሊኒክ ሩፐርት ተርንቡል የተባለው ሐኪም አንጀቷን አውጥቶ አተረፋት። ስትድን ቤቷ አልተቀመጠችም። በከተማዋ ያሉ ሆስፒታሎችን እየዞረች፣ አዲስ ቀዶ የተደረገላቸውን ሰዎች እያነጋገረች፣ ከረጢት እንዴት እንደሚለበስ በራሷ ሆድ እያሳየች ታስተምር ጀመር። ተርንቡል ይህን ሲያይ በ1958 በክሊኒኩ ቀጠራት። ለሥራዋ ስም አልነበረውም፤ ከጊዜ በኋላ «የአንጀት ቀዳዳ ባለሙያ» የሚል መጠሪያ ወጣለት፤ በዓለም የመጀመሪያዋም እሷ ሆነች።

ተርንቡል ራሱ ሌላ ነገር አበርክቷል። ካራያ የሚባል፣ ከህንድ ዛፍ የሚገኝና ሰው ሠራሽ ጥርስ ለማጣበቅ የሚያገለግል ሙጫ ነበር። ዱቄቱ እርጥብ ቆዳ ላይ ሲነሰነስ ይጣበቃል፣ ቆዳውን ይሸፍናል፣ አያቃጥልም። ተርንቡል ይህን በ1950ዎቹ መጀመሪያ ላይ አስተዋለና በቀዳዳው ዙሪያ ተጠቀመበት። የተላጠ ቆዳ በቀናት ውስጥ ሲያገግም ማየት በዚያ ዋርድ ለሚሠሩት ተአምር ያህል ነበር። ካራያው ኋላ በቀለበት መልክ እየተሠራ ከረጢቱ ላይ ተገጠመ፤ አሁን በሌሎች ጥራታቸው የተሻለ ማጣበቂያዎች ተተክቷል።

በ1961 ክሊኒኩ የመጀመሪያውን ትምህርት ቤት ከፈተ። የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች ከፊሎቹ እንደ ኖርማ ያሉ፣ ከረጢት የለበሱ ሰዎች ነበሩ። በ1968 ባለሙያዎቹ የራሳቸውን ማኅበር አቋቋሙ። በ1970ዎቹ መካከል ግን ትምህርት ቤቶቹ ከነርሶች በስተቀር ሌላ ሰው መቀበል አቆሙ። ሙያው እያደገ ሲሄድ ሙያውን የፈጠረችው ሴት የምትገባበት በር ተዘጋ ማለት ነው። ከጥራት አንፃር ምክንያቱ ይገባል፤ ቢሆንም አንድ ነገር አብሮ ቀርቷል። «እኔም አለብኝ» የሚል አስተማሪ የሚሰጠውን ድፍረት ዲግሪ አይተካውም። ኖርማ ራሷ ግን አልተገፋችም፤ በ1978 ሚላን ላይ የዓለም አቀፉ የባለሙያዎች ምክር ቤት ሲመሠረት የመጀመሪያዋ ፕሬዚዳንት ሆነች። በ1998 አረፈች።

በአትላንቲክ ማዶ፣ ዴንማርክ ውስጥ፣ በዚያው በ1954 ሌላ ሴት ሌላ ነገር ታስብ ነበር። ኤሊሰ ሶረንሰን ነርስ ናት፤ እህቷ ቶራ ሆዷ ላይ ቀዳዳ ተከፍቶላታል። የቶራ በሽታ ካንሰር እንጂ ኮላይቲስ አይደለም፤ ችግሩ ግን አንድ ነው። ቶራ ይፈስብኛል ብላ ከቤት መውጣት ፈርታለች። ኤሊሰ እንደ ፕላስተር ቆዳ ላይ የሚለጠፍ፣ አንዴ ተጠቅመው የሚጥሉት የፕላስቲክ ከረጢት አሰበችና አምራቾችን ለመነች። ኦገ ሉዊስ ሃንሰን የተባለው ፕላስቲክ ፋብሪካ ያለው ሰው መጀመሪያ አልተቀበላትም። ሚስቱ ዮሃና ግን ነርስ ነበረች፤ የነገሩን ክብደት ስላወቀች ባሏን ጎትጉታ አሳመነችው። በ1955 የመጀመሪያዎቹ 1000 ከረጢቶች ተሠሩ፤ በ1957 ኮሎፕላስት የሚባለው ድርጅት ተቋቋመ። ዛሬ በዓለም ላይ ካሉት የዘርፉ ትልልቅ አምራቾች አንዱ ነው። ሁለት ነርሶች ባይገናኙ ኖሮ ቶራ የምትለብሰው ያው የሚታጠበው የላስቲክ ከረጢት ይሆን ነበር።

ከዚህ በኋላ ያለው በፍጥነት ይሄዳል። በእንግሊዝና በአየርላንድ የኢሊዮስቶሚ ማኅበር በ1956 ተመሠረተ። በአሜሪካ እንደ ኪውቲ ያሉት የየከተማው ክበቦች በ1962 ክሊቭላንድ ላይ ተሰባስበው አንድ አገር አቀፍ ማኅበር ሆኑ። ቀዶ ሐኪሞችም ከረጢቱን ጨርሶ ለማስቀረት ሞከሩ። ስዊድናዊው ኒልስ ኮክ በ1969 በሆድ ውስጥ ከትንሹ አንጀት ማጠራቀሚያ ሠራ፤ ሕመምተኛው በቀን ጥቂት ጊዜ በቱቦ ያጎድለዋል። የለንደኑ ሴንት ማርክስ ሆስፒታል ሐኪሞች ፓርክስና ኒኮልስ በ1978 ማጠራቀሚያውን ከፊንጢጣ ጋር አገናኝተው ሰው እንደ ማንኛውም ሰው ሽንት ቤት እንዲቀመጥ አደረጉ። በዚሁ ዘመን ገደማ ሮልፍ ቤኒርሽከ የተባለ የሳንዲዬጎ የአሜሪካን ፉትቦል ተጫዋች በ1979 በኮላይቲስ ሊሞት ደርሶ ቀዶ ተደረገለት፤ በ1980 ከረጢቱን ለብሶ ሜዳ ተመለሰ። በዓለም ላይ ያለውን ፍርሃት ለማፍረስ ይህ አንድ ሰው ስንት በራሪ ወረቀት እንደሚያህል መገመት ይቻላል።

ይህ ሁሉ ሲሆን ሕክምናው የሚለካው አሁንም በሐኪሙ ዓይን ነበር። ስንት ጊዜ ተቅማጥ ወጣ? ደሙ ስንት ነው? ትኩሳት አለ? ሕመምተኛው «ደኅና አይደለሁም» ቢል ምርመራው ደኅና እስከሆነ ድረስ ቃሉ ቁጥር አልነበረም። በ1989 በካናዳ ሃሚልተን ያለው የማክማስተር ዩኒቨርሲቲ ሰዎች፣ ጎርደን ጋያትና ባልደረቦቹ፣ ነገሩን ገለበጡት። በሽታው ያለባቸውን ሰዎች «ምን ያስቸግራችኋል?» ብለው ጠየቁ፤ ሰዎቹ በብዛት ያነሡትንና ከባድ ነው ያሉትን ሰብስበው 32 ጥያቄ ያለው መጠይቅ አዘጋጁ። እያንዳንዱ ጥያቄ ከ1 እስከ 7 ነጥብ አለው፤ ድምሩ ከ32 እስከ 224 ይደርሳል፤ ነጥቡ ከፍ ባለ መጠን ኑሮው የተሻለ ነው።

ጥያቄዎቹን ገረፍ ገረፍ አድርጎ ማንበብ ብቻውን ትምህርት ነው። ስለ ሰገራና ስለ ሆድ ቁርጠት አለ፤ ይህ ይጠበቃል። ከዚያ ግን ድካም ይመጣል፤ ሌሊት ተኝቶ ጠዋት ደክሞ መነሣት። ከዚያ ቀጠሮ መሰረዝ። ከዚያ ሽንት ቤት በሌለበት ቦታ ላለመሄድ ዝግጅት መተው። ከዚያ ቀዶ ይደረግልኝ ይሆን የሚል ስጋት፣ ከዚያ ንዴት፣ ከዚያ የትዳር አልጋ። ሐኪሙ ለአምስት ደቂቃ ሲያይ የማያገኛቸው እነዚህ ናቸው። መጠይቁ ወደ ብዙ ቋንቋዎች ተተርጉሟል፤ አዳዲስ መድኃኒቶች ሲፈተኑም ይጠየቃል። በ1998 ኢንፍሊክሲማብ የተባለው መርፌ ለክሮንስ በአሜሪካ ተፈቀደ፤ ይህም ከሕያው ሕዋስ የሚሠሩት «ባዮሎጂ» የሚባሉ መድኃኒቶች ዘመን መጀመሪያ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ የሚመዘኑት መድኃኒቶች አንጀቱን አድነው ሰውየውን ሥራ መመለስ አለመመለሳቸውም ይጠየቃል።

የሽንት ቤቱ ነገር ሕግ እስከ መሆን ደርሷል። በኢሊኖይ ክፍለ ሀገር ክሮንስ ያለባት የ14 ዓመት ልጅ ከእናቷ ጋር ገበያ ላይ እያለች ድንገት ይዟት የሱቁን የሠራተኞች ሽንት ቤት ለመነች፤ ተከለከለች። አሊ የተባለችው ይህች ልጅና እናቷ ወደ ምክር ቤት ሄደው ጮኹ። በ2005 የወጣው ሕግ በስሟ ይጠራል፤ በዚህ በሽታ የተያዘ ሰው ሲቸገር መደብሮች የሠራተኞችን ሽንት ቤት እንዲከፍቱለት ያዛል። ከአሥር በላይ ሌሎች ክፍለ ሀገሮችም ተመሳሳይ ሕግ አውጥተዋል።

ከእኛ ጋር የሚያገናኘው ክር በእስራኤል በኩል ያልፋል። ከ1984 እስከ 1985 በዘመቻ ሙሴ፣ ከዚያም በግንቦት 1991 በዘመቻ ሰሎሞን ከኢትዮጵያ የሄዱት ቤተ እስራኤላውያን ሲደርሱ የአንጀት ብግነት በመካከላቸው ፈጽሞ የተለመደ አልነበረም። እዚያ ዓመታት በኖሩትና እዚያ በተወለዱት ዘንድ ግን ሐኪሞቹ በሽታውን ማየት ጀመሩ። ደማቸው አልተለወጠም፤ የተለወጠው ምግቡ፣ ውኃው፣ አንቲባዮቲኩ፣ በአንጀት ውስጥ ያለው የጥቃቅን ተሕዋስያን ዓለም ነው። ከጎንደር ገጠር የመጣች እናት ልጇ እርሷ በሕይወቷ ሰምታው በማታውቀው በሽታ ተይዞ ስታይ ግራ ቢገባት አይፈረድባትም።

በኢትዮጵያ ውስጥ ደም ያለበት ተቅማጥ የያዘው ሰው መጀመሪያ የሚሰማው «አሜባ ነው» የሚል ነው፤ ብዙ ጊዜም እውነት ነው። ካልተሻለው ታይፎይድ ይባላል፤ ከዚያ የአንጀት ቲቢ። ክሮንስና የአንጀት ቲቢ በመልክ እጅግ ስለሚመሳሰሉ ኮሎኖስኮፒ (አንጀትን በካሜራ የማየት ምርመራ) ያለበት ሆስፒታል የደረሰ ሰው እንኳ በቀላሉ አይለይለትም። ሆድ ላይ የተከፈተ ቀዳዳ ግን ለኢትዮጵያ ቀዶ ሐኪም እንግዳ አይደለም። ትልቁ አንጀት ሲጠማዘዝ፣ ሆድ በጥይት ወይም በስለት ሲወጋ፣ ካንሰር ሲዘጋው ይሠራል። ከረጢቱ ከውጭ የሚገባ ስለሆነ የማያገኘው ወይም የማይችለው ሰው የዳቦ ላስቲክና የቆየ ነጠላ ይጠቀማል፤ ከኮኒግ በፊት የነበረው የቺካጎ ሕመምተኛ ያደርግ የነበረውን ማለት ነው።

ኖርማ ጊል ያስተማረችው አንዱ ነገር ግን ገንዘብም ቁሳቁስም አይፈልግም። ከቀዶው በፊት ባለው ቀን አንድ ሰው መጥቶ ሕመምተኛውን ያስቀምጠዋል፣ ያቆመዋል፣ ያጎነብሰዋል። የሆዱ ቆዳ የት ላይ እንደሚታጠፍ፣ ቀበቶው የት እንደሚያርፍ፣ ሕመምተኛዋ ሴት ከሆነች መቀነቷን የት እንደምትታጠቅ ያያል። የሚሰግድ ሰው ከሆነ ያሰግደዋል። ከዚያ ሕመምተኛው ራሱ አጎንብሶ ሊያየው የሚችልበትን፣ እጥፋት የሌለበትን ቦታ መርጦ በእስክሪብቶ ነጥብ ያደርጋል፤ ቀዶ ሐኪሙም አንጀቱን የሚያወጣው በዚያች ነጥብ ላይ ነው።